በአበዛሽ ብርሌ የዋኙ አሳዎች

አባቴና እናቴ የተዋወቁት የሞጆ ወንዝ አሳ ስለሞተ ነው። ይህን ስናገር የማያምነኝ ብዙ ነው። ሁለቱም በየበኩላቸው ደጋግመው አጫውተውኛል፤ አባቴ ረጋ ብሎ ከሥሩ ጀምሮ፣ እናቴ ደግሞ መሀል ላይ እየገባች እያረመችው። እኔም የሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ እንደሰማሁት አወራዋለሁ።

አባቴ ወልደአማኑኤል ትውልዱ ቡልጋ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሆኖ ፈረንሳይኛ ተማረና የከብት በሽታ ለሚመረምር አንድ የውጭ አገር ሐኪም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። መጀመሪያ ጠርሙስ አጣቢ ነበር፤ እያደር መርፌ መውጋትንም፣ ደም በአጉሊ መነጽር ማየትንም ለመደ። ከዚያ ሐኪም ከቀሰመው ሁሉ ግን ልቡ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ለማወቅ ለአንዱ በሬ ትሰጠዋለህ፣ ለሌላው ትከለክለዋለህ፣ በቀረው ነገር ሁሉ ግን ሁለቱን እኩል ትይዛቸዋለህ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ታያለህ። አባቴ ይህችን ሲያስረዳ ሌላ ሰው ይሆን ነበር፤ ያ ዝምተኛ ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል።

በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከብት እንዲከትብ ወደ ሞጆ ተላከ። ያን ጊዜ ከብቱን የሚፈጀው በሽታ «ደስታ» ይባል ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። አባቴ ከባቡር ሲወርድ ምን ጉዳይ እንዳመጣው ተጠይቆ «ለደስታ ነው የመጣሁት» ብሎ መለሰ፤ ሰዎቹም ሠርገኛ መስሏቸው ሻንጣውን ተሸክመው ድንኳን ወደተጣለበት ቤት ወሰዱት። አባቴ ነገሩ እስኪገባው ድረስ ከሙሽራው ዘመዶች መሀል ተቀምጦ ጮማ ቆርጧል።

ሞጆ የሐዲዱን ዳር ይዛ የተሠራች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከአርሲም ከዝዋይ በኩልም ቆዳና እህል በአህያና በግመል እየመጣ እዚያ ባቡር ላይ ይጫናል። ወንዙ ከከተማው ጎን ይወርዳል። ላይኛው በኩል ባቡሩ ውሃ የሚቀዳበት ነው፤ ዝቅ ሲባል ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ከዚያ በታች የሐጂ አብደላ የቆዳ ግቢ አለ። ሐጂ አብደላ ቆዳ ገዝተው ወደ ጅቡቲ የሚልኩ፣ ረዥም፣ ሽቶ የሚቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። ከእሳቸው ግቢ በታች ደግሞ ገበሬዎች ከብት ያጠጣሉ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱ፣ ኦቦ መርጋ የሚባሉ ሰው፣ አባቴ ወደተከራየው ቤት መጡ። ጠንካራና ቀልደኛ ሰው ናቸው ይባላል፤ ያን ቀን ግን «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ጥጆቻቸውን እያስቀመጣቸው መሆኑን፣ ሁለቱ እንደሞቱባቸው፣ ደስታ ገባ ማለት እንደሆነ ነገሩት። አባቴ ዕቃውን ይዞ ተከተላቸው። የጥጆቹን አፍ ከፍቶ አየ፤ ቁስል የለም። ዓይናቸው አያለቅስም፤ ትኩሳትም የላቸውም። ከኮረብታው ጀርባ ምንጭ የሚጠጡት የጎረቤት ከብቶች ደግሞ ደህና ናቸው።

እጁን ሊታጠብ ወንዙ ዳር ሲያጎነብስ ትናንሽ አሳዎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሣሩ ሥር ተከማችተው አየ። ደስታ አሳ አይገድልም። ኦቦ መርጋን ከብቶቹን ወደ ምንጩ እንዲያዞሩ መከራቸው። ሩቅ ነው ብለው አጉረመረሙ፤ ቢሆንም አዞሯቸው፤ የቀሩትም ጥጆች ሳምንት ሳይሞላ ጆሯቸውን አቁመው መዝለል ጀመሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን እዚያ ላይ ይተወው ነበር። አባቴ ግን ውሃው ውስጥ ምን እንደገባ ማወቅ ፈለገ። ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ የሞተ አሳ እስከ ሐጂ አብደላ ግቢ ድረስ አገኘ። ከዚያ በላይ ያሉት ይዋኛሉ። ይሁን እንጂ ከባቡሩ የሚወርድ ጥቁር ዘይት አለ፤ የሴቶቹ ሳሙና አለ፤ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን ነፃ ማውጣት ከተማረው ጋር አልሄድ አለው። ከየቦታው ውሃ ቀድቶ፣ በየውሃው ውስጥ ጤነኛ አሳ ጨምሮ፣ ጎን ለጎን ማየት ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ውስጡ የሚታይ ብዙ ዕቃ ያስፈልጋል። ሞጆ ውስጥ ይህን ያህል ብርጭቆ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር።

እናቴ አበዛሽ የጠጅ ቤት ባለቤት ነበረች። ገና በልጅነቷ መንዝ ውስጥ ድረው ከማትወደው ሰው ጋር ሲያኖሯት አልሆነላትም፤ ተፋታ ወንድሟን ተከትላ ወደ ባቡሩ አገር ወረደች። ወንድሟ አለማየሁ አዳማ ላይ ሐዲድ ጠጋኝ ሲሆን እሷ ሞጆ ላይ ቤት ተከራየች። ጠጇ የታወቀ ነበር። ምላሷም እንደዚያው።

አባቴ ገብቶ ቆመ። ጠጅ አይጠጣም ነበር፤ ቤቱንም ከዚያ በፊት ረግጦት አያውቅም። ስንት ይቀዳልዎ ስትለው ባዶውን ብርሌ እንደሚፈልግ፣ ብዛትም እንዲኖረው ነገራት። ለምን ብላ ጠየቀችው። አሳ ላስቀምጥበት ነው አላት። እናቴ ሰውየው ከሌላ ጠጅ ቤት ጠጥቶ የመጣ መስሏት ወንበር ሰጠችው።

ተቀምጦ ከጥጆቹ ጀምሮ አስረዳት። ባቡሩንም፣ ሳሙናውንም፣ ቆዳውንም ነገራት። እጁን ማወናጨፍ የጀመረው ያኔ ነው። እናቴ ስትተርክ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ ስለ ወንዝ ውሃ እንዲህ ተደስቶ የሚናገር ሰው አይታ አታውቅም ነበር። ብርሌዎቹን ሰጠችው፤ ግን ከሌሎቹ እንዳይቀላቀሉ አንገታቸው ላይ ቀይ ክር አሰረችባቸው፤ ከቤቷም እንዳይወጡ ብላ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው።

አባቴ በነጠላው ከወንዙ ራስ ትናንሽ አሳዎች አጥምዶ በባልዲ አመጣ። ከየቦታው የቀዳውን ውሃ በየብርሌው ሞላና አሳዎቹን አስገባ። ማታ የመጡት ጠጪዎች መጀመሪያ ተገረሙ፤ ቀጥሎ ስም ማውጣት ጀመሩ። ሆዱ ትልቁ ነጋድራስ ተባለ። አፉን የማይዘጋው ጠበቃ ሆነ። አንዲት ቀጭን፣ ከወዲያ ወዲህ የምትል አሳ ደግሞ የቤቱ ባለቤት ስም ወጣላት፤ ይህን ያወጣው ሰው ያን ምሽት ጠጅ ተከለከለ። አሳውን ለማየት ብቻ ብለው የሚገቡ ሰዎች በዙ፤ ከገቡ በኋላ ደግሞ ሳይጠጡ መውጣት አይሆንላቸውም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም አሳዎች ሞተው ተገኙ። የላይኛው ንጹሕ ውሃ ውስጥ የነበሩትም ጭምር።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጠጪዎቹ የሰው ዓይን ነው፣ አሳ በጠጅ ቤት መች ሆኖለት ያውቃል እያሉ አጽናኑት። እሱ ግን ብርሌዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ አሸተተ፤ ከዚያ እናቴን በምን እንዳጠበቻቸው ጠየቃት። በግራዋ ነው አለችው፤ የጠጅ ዕቃ እንደ ግራዋ ቅጠል የሚያጠራው ነገር የለም። አንዱን ብርሌ ውሃ ሞልታ ቀመሰችውና ፊቷን አጨፈገገች፤ ይመርራል። ሁለቱም ተያዩና ሳቁ። እንግዲህ ግራዋም ለአሳ እንደማይስማማ በዚያው አወቁ።

ብርሌዎቹን ደጋግመው በፈላ ውሃ ብቻ አጠቡ። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ አብራው ወንዝ ወረደች፤ አሳ በማጥመድ ከእሱ እንደምትበልጥም ያን ዕለት ታየ። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ አላመነም፤ ነጠላው የእሷ ስለነበረ ነው ይል ነበር። በዚህ ጊዜ ከየቦታው ለተቀዳው ውሃ ሁለት ሁለት ብርሌ አደረጉ፤ አንዱ በአጋጣሚ ቢበላሽ ሌላው እንዲመሰክር። ይህ የእሷ ሐሳብ ነው።

የባቡሩ ውሃ ውስጥ ያሉት አሳዎች ዋኙ። የሳሙናው ውሃ ውስጥ ያሉት ትንሽ ደከም ቢሉም ሰነበቱ። ከቆዳው ግቢ በታች የተቀዳው ውሃ ውስጥ የገቡት ግን በዚያው ዕለት ተገለበጡ፤ ሁለቱም ብርሌ ላይ። አባቴ በሌላ አሳ ደገመው፤ ያው ሆነ። የሞተውን የነጋድራስን ስም የወረሰው አዲሱ አሳ ከላይኛው ውሃ በኩል ስለነበር ለጥምቀት ደረሰ፤ ጠጪዎቹም ጽዋ አነሡለት።

ወሬው ሐጂ አብደላ ጆሮ ደረሰ። ሰው ልከው አባቴን አስጠሩት። ተቆጥተው ነበር፤ ግን ቁጣቸውን በትሕትና ነው የሚናገሩት። የእሳቸው ግቢ ከጨውና ከቆዳ መድኃኒት በቀር ምንም እንደሌለው ነገሩት፤ አስገብተውም አሳዩት። መድኃኒቱ ከጅቡቲ በበርሜል የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው። ቆዳው መርከብ ላይ በነቀዝ እንዳይበላ በውሃ በጥብጠው ይነክሩበታል፤ ማታ ማታ የገንዳውን ውሃ ወደ ወንዙ ይደፉታል። ሠራተኞቹ እጃቸው ተላልጦ ነበር። አባቴ የዱቄቱን ዓይነት ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ሐኪሙ ቤት ቁልፍ ይቆለፍበት የነበረ መርዝ ነው። ለሐጂው ግን መርዝ ነው አላላቸውም። እሳቸው ራሳቸው እንዲያዩት ለመናቸው።

ሐጂ አብደላ ጠጅ ቤት አይገቡም። ስለዚህ እናቴ ጠረጴዛዋን አውጥታ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሾላ ሥር አኖረችው፤ ብርሌዎቹንም በሐጂው ፊት በአዲስ ውሃ አጠበቻቸው። ኦቦ መርጋ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በቆዳ ንግድ ይተዋወቃሉ፤ በጥጆቹ የተነሣ ግን አይነጋገሩም ነበር። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ከበባቸው።

አባቴ ምንም ነገር በእጁ አልነካም። ውሃውን ሐጂው ራሳቸው ከላይኛው ወንዝ አስቀዱ። አንዱን ብርሌ እንዳለ ተዉት፤ አንዱ ውስጥ ከግቢያቸው ያመጡትን ጨው ቆንጠር አድርገው ጨመሩ፤ አንዱ ውስጥ በማንኪያ ጫፍ ከነጩ ዱቄት አደረጉና በእንጨት በጠበጡት። ከዚያ አሳዎቹ ገቡ፤ ሁሉም ቁጭ ብሎ ማየት ጀመረ። ኦቦ መርጋ ትንሽ እንደቆዩ ስለ አሳው አዋዋኝ ቀልድ ጀመሩ፤ ሐጂውም ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ።

የዱቄቱ አሳ ከቀትር በኋላ ተንሳፈፈ። የቀሩት ሁለቱ ክብ እየሠሩ ይዋኛሉ።

ሐጂ አብደላ የዱቄቱን ብርሌ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነው። ረዥም ጊዜ አዩትና ወደ ኦቦ መርጋ ዞሩ።

«በቅሎዬም ከዚያ ውሃ ነው የምትጠጣው» አሉ። «አላውቅም ነበር፣ መርጋ። በአላህ ስም አላውቅም ነበር።»

ኦቦ መርጋም ሲመልሱ፣ «አለማወቅህን ከፊትህ አየሁት። አሁን የምታደርገውን ንገረኝ» አሏቸው።

ሐጂው የሚያደርጉትን ለመናገር ጊዜ አልወሰዱም። ከወንዙ ርቆ ከፍ ባለው መሬት ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው ውስጡን በጭቃ አስለስነው፣ የገንዳው ውሃ እዚያ እንዲደፋና ፀሐይ እንዲያደርቀው አደረጉ። ከብት እንዳይቀርበውም በእሾህ አሳጠሩት። ሠራተኞቹ ቆዳውን በእጃቸው ሳይሆን በረዥም እንጨት እንዲነክሩ አዘዙ። ለኦቦ መርጋ በሞቱባቸው ጥጆች ፈንታ ሁለት ጊደሮች ነድተው ራሳቸው አደረሱ፤ እዚያም እርጎ ጠጥተው አመሹ።

ክረምቱ መጣ። ወንዙ ሞልቶ ዳርና ዳሩን አጥቦ ወረደ። አባቴ በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ተጠራና ሐምሌንና ነሐሴን እዚያ ከረመ። ሲመለስ መስከረም ጠብቷል። በመጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ አልነበረም፤ ወደ ወንዙም አልነበረም። ወደ ጠጅ ቤቱ ነው።

እናቴ በር ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። አባቴ ምን እንዳላት ሁለቱም በአንድ ቃል ይስማማሉ፤ ከጠቅላላው ታሪክ ያልተጣሉበት ይህ ብቻ ነው።

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ ሞጆ ላይ ከእርስዎ ጋር ከርሜ አየሁት። አዲስ አበባ ላይ ያለ እርስዎ ከርሜም አየሁት» አላት። «የቀረው ነገር ሁሉ እኩል ነበር።»

«ታዲያ ምን አገኙ?» አለች እናቴ፣ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ።

«ልዩነቱ ብዙ ነው።»

እናቴ ገብሱን ማበጠሯን ቀጠለች። ከዚያ ወንድሟ አዳማ እንደሚኖር፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤቱ እንደሚውል ነገረችው።

ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ዘመዶቹ ቡልጋ ናቸው፤ ሩቅ ነው። ይህን የሰሙት ኦቦ መርጋ እኔ እሄዳለሁ አሉ። ሐጂ አብደላም እሳቸው ከሄዱማ እኔስ ምን ሆንኩ ብለው ነጭ ጥምጣማቸውን አሰሩ። እሁድ ጠዋት ሁለቱ አንድ ፉርጎ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዳማ ወረዱ። ኦቦ መርጋ ባቡር ላይ ወጥተው አያውቁም ነበርና መንገዱን ሁሉ በመስኮት ለሚያዩት ከብት ሁሉ ዋጋ እየገመቱ ሄዱ።

አጎቴ አለማየሁ በሩን ከፍቶ አንድ ሐጂና አንድ ኩታ የለበሱ የኦሮሞ ሽማግሌ ቆመው ሲያይ መንገድ የሳቱ መስሎት ነበር። ከተቀመጡ በኋላ ስለ ማን እንደመጡ ነገሩት። እሱም ቢሆን የእህቱ ነገር ያሳስበዋል፤ ጠጅ ቤት አሳ እያስቀመጠ ሲገድል የከረመው ሰውዬ ያ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሐጂ አብደላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱ።

«አዎ፣ ያ ነው። በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ይችል ነበር፤ በገዛ ዓይኔ እንዳይ ግን አደረገኝ። ልጅ ቢኖረኝ ለእሱ እሰጥ ነበር።»

ኦቦ መርጋ ደግሞ ሰውየው አሳ ማጥመድ እንደማይችል፣ ይህን ግን አበዛሽ ስለምትችል ቤቱ እንደማይራብ አከሉ። አጎቴ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አልተቻለውም፤ ምሳ አቅርቦ፣ ለሐጂውም ከሙስሊም ጎረቤቱ ከወይዘሮ ቶይባ ቤት ምግብ አስመጥቶ አበላቸው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ኦቦ መርጋ «ሆራ ቡላ» ብለው በኦሮምኛ መረቁ። የሐጂ አብደላ ሠራተኞች፣ እጃቸው የዳነው፣ እስኪደክማቸው ጨፈሩ። የጣቢያው ሰዎች ባቡሩ ሲያልፍ ፊሽካውን ረዘም አድርጎ እንዲነፋ ከነጂው ጋር ተነጋግረው ነበር፤ ነጂውም ከተማው እስኪርቅ ድረስ ሳያቋርጥ ነፋው፤ ፈረሶቹ ሁሉ ደነበሩ።

ከዚያ በኋላ አባቴ የከብቱን ሥራ ሳይተው ውሃ መመርመሩን የዕድሜ ልክ ልማድ አደረገው። ቢሾፍቱ ሲሄድ ከየሐይቁ ይቀዳል፤ አዋሽ ሲሻገር ይቀዳል። የቆዳ ነጋዴዎች ወደሚበዙበት ከተማ ሁሉ እየሄደ ስለ ጉድጓዱ ያስረዳል፤ አንዳንዱ ይሰማዋል፣ አንዳንዱ ያባርረዋል፤ ያባረረው ዘንድ ሐጂ አብደላ ራሳቸው ደብዳቤ ሳይጽፉ በእግራቸው ሄደው ይነጋገራሉ።

በተጋቡ በሦስተኛው ወር ለክትባት ወደ አዳሚ ቱሉ ሲሄድ እናቴን ይዟት ሄደ። በበቅሎ ተጉዘው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ደረሱ። እናቴ ያን ያህል ውሃ በአንድ ቦታ አይታ አታውቅም። ይብራ የሚባሉት የውሃ ወፎች ነጭ በነጭ ሆነው ዳሩን ሞልተውታል። ከደሴቶቹ የመጣ አንድ አሳ አጥማጅ በደንገል ታንኳው መሀል ድረስ ሊወስዳቸው ተስማማ። አባቴ ታንኳው ሲወዛወዝ ዓይኑን ጨፈነ፤ ቡልጋ ውስጥ ዋና የለም። እናቴ ግን ጫማዋን አውልቃ ከፊት ተቀመጠች፤ ጥቂት እንደሄዱ መቅዘፊያውን ከባለታንኳው ተቀበለችው። አባቴ ወደ ዳር እንድትመለስ ለመናት። እሷ እንዳልሰማች ሆና እያንጎራጎረች ወደ ጥልቁ ቀዘፈች።